መስመር ሁለት ጫፍ አለው፦ ከቴዎድሮስ ደብዳቤ እስከ ሮሚንግ

ቪዛ የተመታለት ሰው ሁሉ ከመሄዱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «እዚያ ስደርስ ኔትወርክ እንዴት ላድርግ?»

መልሱ ዛሬ ቀላል ነው። የአገር ቤቱን ሲም በሮሚንግ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ውድ ነው። ሲደርሱ የአገሩን ሲም መግዛት ይቻላል። ስልኩ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ኢሲም ከቤት ሳይወጡ መጫን ይቻላል። ባንክ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር እንዳይቀር የአገር ቤቱን ሲም አትጣሉት፤ ዳታ ሮሚንጉን ግን አጥፉት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህ ምክር ግን የሚያየው የተጓዡን ጫፍ ብቻ ነው። መስመር ሁለት ጫፍ አለው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ስልኩን ይዞ ቤት ስለሚጠብቀው ሰው። ለዚህም ወረታን እንያዝ።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሄደ ሁሉ ወረታን ያውቃታል። መንገዱ እዚያ ይከፈላል። አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ ይገባል። ይህን የወልድያ መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁትን የፎገራን ሜዳ ሩዝ ያስለመዱት ደግሞ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ ለፎገራ ሰው የውጭው ዓለም እንግዳ አይደለም። ዛሬ ልጆቹ በመተማ ወደ ሱዳን፣ በቦሌ ወደ ዐረብ አገር ይወጣሉ።

ከወረታ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትወጡ ደብረ ታቦር ትደርሳላችሁ፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ። አጠገቧ ጋፋት አለች፤ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ለንጉሡ መድፍ ያቀለጡባት። ቴዎድሮስ ከውጭው ዓለም ጋር መገናኘት አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው በወራት ውስጥ ለንደን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀመጠ እንጂ መልስ አልተጻፈለትም።

ንጉሡ ጠበቁ። ከአንድ ዓመት በላይ ቢጠብቁ ምንም የለም። ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩትና ቆንስል ካሜሩንን አሰሩ። መልሱን የያዘው ራሳም ፊታቸው የቀረበው በ1858 ዓ.ም. ነው፤ ደብዳቤው ከተጻፈ ከሦስት ዓመት በኋላ። መጨረሻውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ወደ ውስጥ ሲገባ የቴሌግራፍ ሽቦ እየዘረጋ ነበር የመጣው። ለጦርነቱ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት። ቢሆንም መልስ ያጣ መልእክት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለንም። መንገድ ላይ የጠፋ ደብዳቤ አልነበረም። ደርሶ ነበር፤ ከወዲያ በኩል ያለው ጫፍ ዝም አለ እንጂ።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የአዲስ አበባ–ሐረር 477 ኪሎ ሜትር መስመር የተዘረጋው ከዐድዋ ድል ማግሥት ነበር። በ1945 ዓ.ም. ቴሌኮሙኒኬሽን ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ። ለገበሬው ቤተሰብ ግን ስልክ ለረዥም ዘመን ከተማ ወርዶ፣ ተራ ጠብቆ የሚያገኙት ነገር ነበር። «ነገ በአራት ሰዓት ከውጭ ይደወልልሃል» ተብሎ መልእክት ይላካል፤ ሰውየው በሌሊት ተነሥቶ ይመጣል፤ መስመሩ ካልተገኘ እንደ መጣ ይመለሳል። ስለዚህ ብዙው ሰው ድምፁን በካሴት ቀድቶ በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር። እናት ካሴቱን ከፍታ ታለቅሳለች፤ ልጇ ካሴቱን ሲቀዳ የነበረበት ሁኔታ ግን አልፎ ሊሆን ይችላል።

ኢንተርኔት በ1989፣ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. መጣ። ይህን ጊዜ ሽቦ የለም፣ ርቀት የለም የሚባለው ነገር አበቃ ማለት ነው። ሌላ ነገር ተጀመረ፦ ውሳኔ።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው የቴሌ ማሻሻያ ዐዋጅ በኢንተርኔት የድምፅ ጥሪ ማድረግን ከለከለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ፤ የተከፈተው ለሚሊኒየሙ ነው፤ ሁለት ዓመት ያህል ማለት ነው። በ2009 ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲባል ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ ባለሥልጣናት ሲገደሉ እንደገና ተዘጋ። በ2012 ሰኔ የሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ለሳምንታት ተዘጋ። በ2013 ጥቅምት ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ከነስልኩ ጨለመች። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የክልሉ የሞባይል ዳታ ጠፋ። ዐዋጁ በ2016 ግንቦት ሲያበቃ እንኳ በብዙ ቦታ አልተመለሰም ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለች የፎገራ ልጅ እጇ ላይ ምን እንደነበር አስቡት። ስልክ አላት፣ ዋይፋይ አላት፣ ፓኬጅ አላት። የማይደርስላት ነገር ቢኖር ቤቷ ብቻ ነው። ፌስቡክ ላይ «ደቡብ ጎንደር ውጊያ አለ» የሚል ታነባለች፤ እናቷን በኢሞ ትደውላለች፣ አይጠራም። መደበኛው ጥሪ ይሠራ ነበር ትሉኛላችሁ። በሠራ ጊዜ ሠርቷል። ግን ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ በመደበኛ ስልክ መደወል ለቤት ሠራተኛ ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም። ዳታ ለሀብታም ትርፍ ነገር ይሆናል፤ ለድኻ ስደተኛ ግን ዋናው ስልክ እሱ ነው። ሲዘጋ ቦታውን የሚሞላው ወሬ ነው። ያኔ «ወንድምሽ ታስሯል፣ ገንዘብ ላኪ» የሚል አታላይም ሥራ ያገኛል፤ የምታጣራበት መንገድ የላትማ።

በመተማ በኩል የወጣው ደግሞ የባሰ ገጠመው። ሱዳን ውስጥ ጦርነት የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ነው። በ2016 ጥር መጨረሻ ሱዳኒ፣ ኤምቲኤን እና ዘይን፣ ሦስቱም የሱዳን ትላልቅ ኔትወርኮች፣ በተከታታይ ቀናት ጠፉ። የአማራ ክልል ዳታም ያኔ እንደተዘጋ ነበር። ከመተማና ከገላባት ድልድይ ወዲህም ወዲያም ጨለማ። ለዚህ የትኛውም ሮሚንግ፣ የትኛውም ኢሲም መፍትሔ አይሆንም።

ዓለም ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሴልቴል የኬንያን፣ የኡጋንዳንና የታንዛኒያን ደንበኞቹን ያለ ሮሚንግ ጭማሪ አገናኘ፤ በጎረቤቶቻችን አገር የተሠራ ሥራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በአባል አገሮቹ መካከል የሮሚንግ ጭማሪን ያነሣው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 ነው። ሌላው የሚከራከረው ድንበር ስለ መሻገር ዋጋ ነው። እኛ ገና ከወረታ ስለ መውጣት እንከራከራለን።

መንግሥት ምክንያት አለው፤ «ጥላቻና የውጊያ ቅስቀሳ በዳታ ይሰራጫል» ይላል። ይህ ውሸት ነው አልልም። ሁላችንም አይተናል። ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመቀበልና የማስተላለፍ መብት በአገር ድንበር እንደማይገደብ ያስቀምጣል፤ ገደብ ካስፈለገም በሕግ ይሁን ይላል። ቢያንስ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው፦ ሲዘጋ ማን እንደዘጋው፣ ለምን እንደዘጋውና እስከ መቼ እንደሆነ በግልጽ ይነገር። ቀኑ ሲያልቅ ይከፈት፣ ካልሆነም ለሕዝብ ተወካዮች ይቅረብ። ዳታው ሲዘጋ ከውጭ የሚገባ ጥሪ ለዚያ አካባቢ ይርከስ። ሰው ዘመዱ በሕይወት መኖሩን ማወቁ ቅስቀሳ አይደለም።

እስከዚያው ሻንጣ ለምታዘጋጁ ወዳጆች ትንሽ ምክር። ሲሙን ከመግዛታችሁ በፊት ከቤተሰብ ጋር ተስማሙ። በኢሞ ብቻ ሳይሆን በተራ ስልክ የሚገኝ አንድ ቁጥር ያዙ። ከክልሉ ውጭ የሚኖር አንድ ዘመድ መልእክት አቀባይ ይሁን። ዳታ ቢጠፋ የምትደውሉበትን ቀን ቁረጡ። በስማችሁ ገንዘብ የሚጠይቅ እንዳያታልላቸው፣ እናንተንም እንዳያታልል፣ የቤት ሰው ብቻ የሚያውቀው አንድ ቃል ይኑራችሁ።

ቴዎድሮስ መልስ ሲጠብቁ ሦስት ዓመት አለፈ። ያኔ ደብዳቤ በመርከብና በበቅሎ ነበር የሚሄደው። ዛሬ መልእክቱ በሰከንድ ይደርሳል፤ ወረታ ላይ ያለችው እናት ግን አንድ ዓመት ሙሉ ልትጠብቅ ትችላለች። ይህ የርቀት ጉዳይ አይደለም።