ፈረስ የሰበራቸው ሁለት ሐኪሞች

ፈረስ ለሰው ልጅ ክብሩም አደጋውም ነው። ንጉሡን ወደ ሰልፍ፣ ካህኑን ወደ ደብር፣ ነጋዴውን ወደ ገበያ ያደርሳል፤ በደነገጠ ጊዜ ግን ጌታውን ከሎሌው ለይቶ አያውቅም። መኪና ሳይመጣ በፊት በየአገሩ የመንገደኛውን እግር የሚሰብረው እርሱ ነበረ። ከስብራትም ኹሉ የሚከፋው ዐጥንት ሥጋን ቀዶ የወጣበት ነው፤ ቍስሉ መግሎ በሽተኛውን ብዙ ጊዜ ይገድለው ስለ ነበረ፣ ሐኪሞች ነፍሱን ለማትረፍ ሲሉ እግሩን ይቈርጡት ነበር። በዚህ ፍርድ ሥር ከወደቁት ሰዎች ሁለቱ ራሳቸው ሐኪሞች ነበሩ፤ የደረሰባቸውም መከራ ለብዙዎች ትምህርት ሆኖ ቀረ።

ፊተኛው አምብሯዝ ፓሬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1510 ዓ.ም. ገደማ፣ ላቫል በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። ሙያውን ከጠጕር ቈራጮች ዘንድ ተማረ እንጂ ላቲን አልተማረም፤ ስለዚህ የፓሪስ የሕክምና ሊቃውንት ይንቁት ነበር። ገና ጐልማሳ ሳለ ወደ ኢጣልያ ዘምቶ፣ በጥይት የቈሰሉትን እንደ ልማዱ በፈላ ዘይት ሲያክም ዘይቱ አለቀበት። ቢቸግረው የእንቍላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፔንታይን ቀላቅሎ ቀባቸው። በማግሥቱ ዘይት የፈሰሰባቸው በትኵሳት ሲሠቃዩ፣ እነዚህን ግን ዐርፈው አገኛቸው። ከዚያ ወዲያ ቍስለኛን ማቃጠል ተወ፤ ለአራት የፈረንሳይ ነገሥታትም ተከታትሎ አገለገለ።

ይህ ሰው በ1561 ዓ.ም. በፓሪስ አጠገብ የሴንን ወንዝ ሊሻገር ሲል፣ ፈረሱ ወደ ጀልባው አልገባም ቢለው መታው። ፈረሱም ረገጠውና የግራ እግሩን ሁለት ዐጥንቶች ከቍርጭምጭሚቱ በላይ ሰበራቸው። ሁለተኛ እንዳይረገጥ ወደ ኋላ ቢሸሽ ወደቀ፤ ዐጥንቱም ሥጋውንና ጫማውን ቀዶ ወጣ።

በዚያን ጊዜ አብሮት የነበረውን ሐኪም ሪሻር ዩቤርን የለመነው እንዲራራለት አይደለም። እንደ ማያውቀው ባዕድ ቈጥሮት እግሩን በብርቱ እንዲስብ፣ ቍስሉ ቢጠብበው በምላጭ እንዲያሰፋው፣ የዐጥንት ስባሪም ቢኖር በጣቱ ፈልጎ እንዲያወጣው ለመነው። ወጌሻ ስብራት ሲያቃና ያየ ሰው የዚህን ልመና ክብደት ያውቃል። ፓሬ የሌላውን ጩኸት ችሎ የሚሠራ ሰው ስለ ነበረ፣ በራሱም ላይ ፍርዱን አልለወጠም። ከዚያ በኋላ ቍስሉ መገለ፤ ትኵሳትም ያዘው። ይሁን እንጂ እግሩ ሳይቈረጥ ዳነ፤ ሳያነክስም ሄደ። ሥቃዩንም ሳይደብቅ በ1575 ዓ.ም. በታተመው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ለተማሪዎች ጻፈው። ድካሙን የራሱ፣ ፈውሱን ግን የእግዚአብሔር ብሎ መናገር ልማዱ ነበረ።

ኋለኛው ፐርሲቫል ፖት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1714 ዓ.ም. በሎንዶን ተወልዶ፣ ከኤድዋርድ ኖርስ ዘንድ ሙያ ለምዶ፣ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። በ1756 ዓ.ም. በኬንት መንገድ ሲሄድ ከፈረሱ ወደቀ፤ የእግሩም ዐጥንት ተሰብሮ ቈዳውን ቀዶ ወጣ። አማቹ ጄምስ ኤርል እንደ ጻፈው፣ ፖት ስብራት ያለ ሥርዐት ሲንገላታ ምን እንደሚያመጣ ያውቅ ነበርና ማንም እንዳያነሣው ከለከለ። በብርዱ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ሰውን በወንበር ተሸክመው የሚያመላልሱ ሁለት ሰዎች አስጠራ። እነርሱ እስኪመጡ አንድ የቤት መዝጊያ ገዛ፤ የመሸከሚያ ዘንጎቻቸውንም በመዝጊያው ላይ በምስማር አስመትቶ፣ በዚያ ላይ ተኝቶ ወደ ቤቱ ገባ።

የተሰበሰቡት ሐኪሞች እግሩ ይቈረጥ ብለው ፈረዱ፤ እርሱም እሺ አለ። መሣሪያው ተዘጋጅቶ ሳለ ግን የቀድሞ መምህሩ ኖርስ ደረሰ፤ እግሩን መርምሮም ሊድን ይችላል አለ። በዚህ ቃል መቍረጡ ቀረ፤ እግሩም ዳነ። ፖት ከዚያ በኋላ 32 ዓመት ኖረ። በአልጋ ላይ ሳለም ሥራ አልፈታም፤ ስለ ቡአ በሽታ መጽሐፍ ጀመረ። በኋላም ስለ ስብራት ሲጽፍ፣ የተሰበረ እግር ቶሎ እንዲቃና፣ ጡንቻውም እንዲላላ ጕልበቱ ታጥፎ እንዲቀመጥ አስተማረ።

ሁለቱም ያላወቁት አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም ቍስልን የሚያመግለው በዓይን የማይታይ ሕያው ተሐዋሲ መሆኑ ነው። በ1865 ዓ.ም. በግላስጎ ከተማ ጆዜፍ ሊስተር፣ የፓስተርን ትምህርት ተከትሎ፣ የጋሪ መንኰራኵር እግሩን የሰበረውን የ11 ዓመት ልጅ በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ አከመው። ቍስሉ ሳይመግል ቀረ፤ ልጁም በስድስት ሳምንት ዳነ። ከዚያ ወዲህ እግር መቍረጥ የመጀመሪያ ፍርድ መሆኑ እየቀረ ሄደ።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ከእነዚህ ታሪኮች የሚጠቅመውን ይውሰድ። ዛሬም በገጠር ፈረስ የሚጥለው፣ በከተማም ጋሪ የሚገፋው ሰው አለ። ለወደቀው ሰው አዝኖ ብድግ አድርጎ ማንሣት ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ያልተደገፈ ስብራት በእንዲህ ያለ ደግነት ይብሳል። ቍስሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ እግሩም በእንጨት ተደግፎ ይታሰር፤ ሰውዬውም በሳንቃ ላይ ተኝቶ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ፖት በመንገድ ዳር ተጋድሞ መዝጊያ የገዛው ስለዚህ ነው።