ዘግይቶ የደረሰው ለቀስተኛ

ነገሩን ከጎፋ ልጀምረው። ከጋሞ ደጋ ወዲያ የጎፋ ምድር ነው። በዚያ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለ ቀበሌ፣ ክረምት ላይ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ዶማውን ይዞ ሮጠ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰው ተሰብስቦ ሲቆፍር፣ ተራራው ዳግመኛ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሊያወጣ የመጣው ጎረቤት ተለቀሰለት።

እንዲህ ያለውን ሐዘን ምን ዜማ ይችለዋል?

በጋሞ ደጋ፣ በተለይ በዶርዜ፣ ዜማን አንድ ሰው ብቻውን አይሸከመውም። አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ሳይጨርስ ይገባበታል፣ ሦስተኛው ከሥር ይዞት ይሄዳል፤ ድምፁ እንደ ሸማቸው በድርና በማግ ይያያዛል።

አሁን ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ። ጀርመን ውስጥ ዮሐን ሰባስቲያን ባህ የሚባል ሙዚቀኛ ነበር። 10 ዓመት ሳይሞላው እናት አባቱን አጣ። በ1720 እ.ኤ.አ. ከሚያገለግለው ልዑል ጋር ካርልስባድ ሰንብቶ ሲመለስ፣ ሚስቱ ማሪያ ባርባራ ሞታ፣ ተቀብራ ጠበቀችው። መርዶ ነጋሪ አልቀደመውም፤ የሰማው ቤቱ ሲገባ ነው።

ከ7 ዓመት በኋላ በላይፕሲግ፣ በስቅለት ዕለት፣ በማቴዎስ ወንጌል ያለውን የጌታን ሕማም በዜማ አሰማ። መክፈቻው ላይ መዘምራኑ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ለማየት ይጠራል፤ ሌላው ማንን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ፣ ወዴት እንደሆነ ይጠይቃል። እኔ በሰማሁት ቁጥር የሚታየኝ ዘግይቶ የደረሰ ለቀስተኛ ነው፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ በደጅ ገብቶ፣ «ማን ነው? እንዴት ሆኖ?» የሚል። ባህም እንደዚያው ዘግይቶ የደረሰ ነበር።

የኛ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቀድማ ትደርሳለች። በሰሙነ ሕማማት ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ፍትሐትም አይደረግም። ስለዚህ በሆሳዕና፣ በሳምንቱ ለሚሞተው ሁሉ፣ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አስቀድሞ ይፈታል።

ዛሬ መርዶ በስልክ ይመጣል። ታክሲ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤት፣ በስደት አገር ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዱ ብቻውን ያነበዋል። «ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው፣ የሚመልስለትም የለም። ያን ሰው ሳስበው ነው 300 ዓመት የሚጠጋው የባህ ዜማ የሚያስፈልገን የሚመስለኝ፤ የዶርዜውም እንዲሁ።

ኬንቾ ላይ ሕዝቡ ጭቃውን በአካፋና በባዶ እጁ ቆፈረ። አንድ ሬሳ በወጣ ቁጥር፣ ዙሪያውን ከቆመው መካከል ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ የቀረ ይኖር ይሆን?