በወገራና በስሜን ግርጌ የመጠጥ ምርጫ፤ ጠላ፣ ጠጅ፣ የወይን ጠጅና አረቄ በታሪክ

በአገራችን ስለ መጠጥ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከግብር አዳራሽ የሚነሣ ነው። ንጉሡ ወይም መኳንንቱ ግብር ሲያበሉ ስንት ጋን ጠጅ እንደ ተጠጣ ይነገራል፤ ጋኑን ያጠነችው፣ ጌሾውን የወቀጠችው፣ ብቅሉን ያበቀለችው ሴት ግን ከታሪኩ ውጭ ትቀራለች። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራራ ግርጌ የሚኖር ሰው ለዘወትር ምግብ፣ ለማኅበር፣ ለእንግዳና ከማዕድ በኋላ የትኛውን መጠጥ ይመርጥ ነበር? ምርጫውንስ የወሰነለት ምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን ምርጫውን በመጀመሪያ የወሰኑት የመሬቱ ከፍታ፣ የበዓሉ ቀንና የሰዎች ማዕርግ ናቸው፤ የምላስ ጣዕም የሚገባው ከእነዚህ ቀጥሎ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተመለከተው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

፩. ምድሩና እህሉ

ዳባትና ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ የደጋ ከተሞች ናቸው። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ወደ ስሜን አምባዎች በወጣን መጠን ስንዴውና ባቄላው እየቀነሰ ይሄድና በመጨረሻ ገብስ ብቻውን ይቀራል። በሌላ በኩል ደግሞ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ የወረደ ሰው በአጭር ርቀት ውስጥ ማሽላና ዳጉሳ ከሚበቅልበት ቆላ ይደርሳል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ወደ ጎንደር ሲጓዝ የወጣው በዚሁ በሊማሊሞ በኩል ነበር።

ይህ የመሬት አቀማመጥ የመጠጡን ዓይነት አስቀድሞ ይደለድላል። ገብሱ ጠላና ኮረፌ ይሆናል። ዳጉሳው ለአረቄ ይመረጣል። ማሩ ለጠጅ ይፈለጋል፤ ነገር ግን ከእህሉ ጋር ሲነጻጸር ጥቂትና ውድ ነው። ወይን ግን በዚህ ብርድ የሚበቅል ተክል ስላልሆነ ከሌላ አገር መምጣት ነበረበት። እንግዲህ የደባርቅ ሰው ጠላን የሚያስቀድመው ሌላውን ስለ ናቀ ሳይሆን ጎተራው የሞላው በገብስ ስለ ሆነ ነው።

፪. የዘወትር መጠጥ፤ ጠላና ኮረፌ

ጠላ ለመጥመቅ አስቀድሞ ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስም ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተዘፍዝፎ ጥንስሱ ከተሰናዳ በኋላ ብቅል ይጨመርበታል፤ ከዚያም እንኩሮው ሲገባበት ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ አፉ ተከድኖ ለቀናት ይቀመጣል። ገብሱ አብዝቶ ሲታመስ ጠላው ይጠቁራል፤ ሲለዝብም መልኩ ይቀላል። ከአንድ ድፍድፍም ደረጃው የተለያየ መጠጥ ይገኛል። ወፍራሙ ጉሽ፣ ተጣርቶ ለከበረ እንግዳ የሚቀርበው ፊልተር፣ ደግሞም አተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ ለቤተ ሰብና ለሥራ ሰው የሚቀዳው ቅራሪ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ስለዚህ በአንዱ ጋን ውስጥ እንኳ ምርጫና ማዕርግ ነበር ማለት ይቻላል።

ከጠላ ይልቅ የዚህ አገር መለያ ሊባል የሚገባው ግን ኮረፌ ነው። ኮረፌ በቀድሞው ቤጌምድር፣ በተለይም በቅማንት ሕዝብ ዘንድ የታወቀ የገብስ መጠጥ ነው። የተፈተገ ገብስ በውኃ አድሮ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ከጌሾ ቅጠልና ከውኃ ጋር ተደባልቆም በሸክላ ዕቃ ውስጥ እስከ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። በሚፈለግበት ጊዜ ከድፍድፉ ጥቂት ተወስዶ ውኃ ይጨመርበትና በማግሥቱ ይጠጣል።

የዚህ አሠራር ጥቅም በግልጽ የሚታይ ነው። ጠላ ለታወቀ ቀን፣ ማለትም ለማኅበር፣ ለሰንበቴ፣ ለደቦና ለሠርግ ታስቦ ይጠመቃል፤ ኮረፌ ግን ቀኑ ላልታወቀ እንግዳ የተቀመጠ ስንቅ ነው። የቤቱ እመቤት ሳትዘጋጅ እንግዳ ቢመጣባት በአንድ ሌሊት ከኀፍረት ትድናለች። አንዳንድ ሰዎች ኮረፌን የድኻ ጠላ አድርገው ሲቆጥሩት ይሰማል፤ እኛ ግን የሴትን ጉልበትና ጊዜ ለመቆጠብ የተገኘ ብልኀት አድርገን እንመለከተዋለን።

፫. የማዕርግ መጠጥ፤ ጠጅ

ጠጅ ከማርና ከውኃ በጌሾ ይጣላል። በቀድሞው ሥርዓት ማር የግብር ዕቃ ስለ ነበረ ብዙው ወደ ጌቶች ቤት ይገባ ነበር፤ ጠጅም በአብዛኛው የነገሥታትና የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ቆየ። በትልልቅ ቤቶች ጠጅ ጣዩና ጠጅ አሳላፊው ራሳቸውን የቻሉ ሥራዎች ነበሩ። ዳባት በደጃዝማች አያሌው ብሩ ዘመን የግዛት መቀመጫ ስለ ነበረች በዚህች ከተማ ብርሌና ዋንጫ የሹመት ምልክት ጭምር እንደ ነበሩ መገመት አያዳግትም። አሳላፊው መጠጡን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ አድርጎ መቅመሱም የዚሁ ሥርዓት ክፍል ነው፤ መነሻው የመመረዝ ፍርሃት ሲሆን በኋላ ግን የአክብሮት ወግ ሆኗል።

ጠላ ብዙውን ጊዜ ለዘብ ያለ፣ ጠጅ ደግሞ ከእርሱ የበረታ ነው። ስለዚህ ጠላ በዋንጫ እየተደጋገመ ሲጠጣ ጠጅ በብርሌ ይመጠናል። መያዣው ራሱ ለጠጪው ልክ ያበጅለት ነበር ማለት ነው።

፬. የወይን ጠጅ

የወይን ጠጅ በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በአራተኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ ለማረካቸው ሰዎች ከሰጠው ቀለብ ውስጥ የእህል መጠጥና የወይን ጠጅ ይገኙበታል። ከ1512 እስከ 1518 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን ከደረቀ ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ እንደሚዘጋጅ ጽፏል። ብሩስ ደግሞ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በቃሮዳ የወይን ጠጅ እንደሚሠራ ይናገራል።

ይሁን እንጂ በስሜን ግርጌ ወይን ከቤተ መቅደስ አልፎ ወደ ገበሬው ማዕድ አልወረደም። ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስም በየካቲት 1847 በነገሡበት በዚያው ደብር፣ ወይኑ በጽዋ ለሥጋ ወደሙ ይቀርባል፤ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ለማኅበርተኛው የሚቀዳው ግን ጠላ ነው። ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል። የወይኑን መጠጥ «ወይን ጠጅ» ማለታችን ጠጅን መለኪያ አድርገን እንግዳውን በእርሱ ስለ ሰየምነው ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933) የጎንደር መንገድ በደባርቅና በወልቅፊት በኩል ሲሠራ የባዕድ አገር ጠርሙስ አብሮ ለመምጣት መንገድ አገኘ፤ ነገር ግን የከተማና የቡና ቤት መጠጥ ሆኖ ቀረ እንጂ የጓዳውን ጋን አላስነሣም።

፭. ከማዕድ በኋላ፤ አረቄ

አረቄ የሚወጣው ከተብላላ ድፍድፍ ነው። ድፍድፉ በሸክላ ዕቃ ተጥዶ እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ይጠራቀማል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ፣ ተመልሶ የወጣው ዳግም ይባላል፤ ዳግሙ ከመቶው አርባውን የሚያልፍ አልኮል ሊኖረው ይችላል። ስለዚህም በትንሽ መለኪያ ይቀርባል። ቦታውም ከሥጋ በኋላ፣ ወይም ብርድ በጠናበት ማለዳና ምሽት ነው።

አረቄ አይቆመጥጥም፣ በጠርሙስ ሆኖ ሩቅ ይሄዳል፤ ገበያ የወደደውም ስለዚህ ነው። መሬት ለሌላት ሴት ልጆቿን የምታሳድግበት ገቢ ሆኗታል። በአንጻሩ ደግሞ ብዙ ማገዶ ይፈጃል፣ የጭሱም ጉዳት በአውጪዋ ዓይንና ሳንባ ላይ ነው። ጠላ ቤት የሚገባ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሲጨዋወት ይውላል፤ አረቄ ግን ብቻን መጠጣትንም ያስለምዳል። በጥንቱ የማዕድ ሥርዓት የመጨረሻው መጠጥ የነበረው ዛሬ ለአንዳንዱ የመጀመሪያው መሆኑ በእኛ አስተያየት ከፍ ያለ ማኅበራዊ ለውጥ ነው።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ካየነው ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በወገራና በስሜን ግርጌ መጠጥን መምረጥ ቀኑን፣ እንግዳውንና ጎተራውን ማወቅ ነበር፤ ለዘወትር ቅራሪ፣ ለድንገተኛ እንግዳ ኮረፌ፣ ለማኅበር ጠላ፣ ለሹም ጠጅ፣ ለመቅደስ ወይን፣ ከማዕድ በኋላ አረቄ። ሁለተኛ፣ ይህን ዕውቀት ተሸክመው የቆዩት በጽሑፍ ያልተመዘገቡ ሴቶች ናቸው። ጋንና እንስራውን ይሠሩ ከነበሩት መካከል የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ፤ እነርሱም በ1977፣ በ1983 እና ከዚያም በኋላ በብዛት ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሸክላው ቦታም ለፕላስቲክ እየተለቀቀ ነው። በጎንደር የዳሽን ቢራ ፋብሪካ ከ1992 ጀምሮ ሲሠራ፣ የአካባቢው ገብስ ሁለተኛ ገዢ አግኝቷል፤ ይህ ለገበሬው መልካም ነው። ነገር ግን ፋብሪካ የሚፈልገው ወጥ የሆነ የብቅል ገብስ ነው፤ ለጠላና ለኮረፌ ተብሎ በዘር የተጠበቀው የአገር ገብስ ገበያው ካላዳነው ማን ያድነዋል?

ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ጓደኞቻችን ወደዚህ አገር ሲሄዱ የቤተ መንግሥቱንና የአድባራቱን ታሪክ እንደሚጠይቁ ሁሉ ወደ ጓዳም ገብተው የጠማቂዋን ቃል ቢጽፉ እንወዳለን። የገብሱን ስም፣ የጌሾውን መጠንና የድፍድፉን ቀን ከእርሷ በቀር የሚነግረን የለም፤ እርሷም ሳትጠየቅ ካለፈች ከየትም መዝገብ አናገኘውም።