ለዪ አቀላጣፊ

የላስታ ደጋ ብርድ በነጠላ አይገፋም። ሙጃ ከተማ ላይ አንዱ የበግ ጠጉር ባና ደርቦ፣ ሌላው የፋብሪካ ሹራብ ለብሶ ይወጣል። ከሁለቱም አንዳንድ ክር መዝዛችሁ ፍም ላይ ጠጋ አድርጉ። የባናው ክር የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ሹራቡ አክሪሊክ ከሆነ ግን ይቀልጣል፣ ይኮማተራል፣ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። እሳት ዳር ለሚጫወት ልጅ ይህን ማልበስ አያስመኝም።

አክሪሊክ የሚሠራው በአብዛኛው አክሪሎናይትራይል ከሚባል ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ደግሞ ከነዳጅ ከሚገኘው ፕሮፒሊን ጋዝ፣ ከአሞኒያና ከአየር ይገኛል። አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮፒሊን ትኩስ አየር ሲያገኝ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ መሆን ይቀለዋል። መንገድ ላይ የሚያስቆመው የብረታ ብረት ኦክሳይድ ነው። እኔ «ለዪ አቀላጣፊ» እለዋለሁ፤ አንዱን ምርት ለይቶ ያፋጥናል፣ ሌላውን ይተዋል። «መራጭ» እንዳልል የምርጫ ካርድ ይዞ የተሰለፈ ሰው ይመጣብኛል።

ከሰል አክሳይ እንጨቱ አመድ እንዳይሆን አየሩን በአፈር ያፍናል። እዚህ ግን አየሩ ይገባል፤ ዘዴው ሌላ ነው። ከፕሮፒሊን ሃይድሮጅን የሚነጥቀው በቀጥታ የአየሩ ኦክስጅን ሳይሆን በጠጣሩ ኦክሳይድ ውስጥ የታሰረው ነው። ያ ኦክስጅን ሲወጣ ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ከአየሩ የመጣው ይተካዋል። ማርስና ቫን ክሬቨለን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን አካሄድ እ.ኤ.አ. በ1954 በቫናዲየም ኦክሳይድ ላይ ገልጸውታል። ኦክስጅኑ በጣም ከጠበቀ አይሰጥም፤ በጣም ከላላ ሁሉን ያቃጥላል። ቢስመዝና ሞሊብዲነም የተጣመሩበት ኦክሳይድ በመካከል ያለውን ልክ አግኝቷል።

የአሜሪካው ሶሃዮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ይህንኑ ኦክሳይድ ተጠቅሞ አክሪሎናይትራይልን በአንድ እርምጃ መሥራት ቻለ፤ በ1960 ኦሃዮ ውስጥ ሊማ ከተማ ፋብሪካ ከፈተ። ምላሹ የሚካሄደው ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። ዛሬ ከ100 የፕሮፒሊን ሞለኪውል 80 ገደማው አክሪሎናይትራይል ይሆናል። ከቀሪው ገሚሱ ይቃጠላል፤ ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባል መርዝም ይወጣል። ብዙ ፋብሪካዎች እሱንም አይጥሉትም፤ ወርቅ ለማውጣት የሚያገለግለው ሶዲየም ሳያናይድ ከእሱ ይሠራል።