ንፍፊት፣ የጁገል በሮችና የራምቦ ካልሲ

በ1891 ፌብሯሪ ላይ ሐረር ውስጥ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦ ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀኝ እግሩን አሞት ነበርና እናቱን የለመናቸው ላበጠ ደም ሥር የሚሆን የሚለጠጥ ካልሲ እንዲልኩለት ነው። ጉልበቱ ግን ካልሲ የሚጠብቅ አልሆነም። ኤፕሪል 7 ቀን 16 ሸካሚዎች ቀጥሮ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ። ኤደን ላይ ያየው ሐኪም የመገጣጠሚያ ቁጣ ነው አለ። ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ፤ ኖቬምበር 10 ቀን አረፈ። በሽታው ካንሰር ነበር።

ሐረር ራምቦን የምታስታውሰው በግጥሙና በስሙ በሚጠራው ቤት ነው። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ያ ካልሲ ነው። አንድ እብጠት በሦስት ከተማ ሦስት ስም አገኘ፤ ትክክለኛው ስም ሲመጣ ጊዜው አልፎ ነበር። ዛሬ የማነሣው እብጠት ግን የጉልበት ሳይሆን የንፍፊት ነው።

ንፍፊትን እናቶቻችን ከሐኪም በፊት ያውቁታል። ልጅ ብሽሽቱን ይዞ ሲያነክስ መጀመሪያ የሚገለበጠው የእግሩ መዳፍ ነው፤ እሾህ ወይም ቁስል አይጠፋበትም። ትክክል ናቸው። ከእግር የሚመጣው ፈሳሽ የሚጣራው ብሽሽት ላይ ባሉት እጢዎች ነው። ሐረሬ አንባቢ ጁገልን ያስብ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ አምስት በር ነበረው፤ ሌሊት ይዘጋል፣ በየበሩም ጠባቂ አለ። ፈላና በር ላይ ሁካታ ከተሰማ ጠላት ከዚያ ወገን መጣ ማለት ነው፤ ኤረር በር ላይ ከሆነ ደግሞ ከወዲያኛው። ሰውነታችን እንዲህ ያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ በሮች አሉት። ችግሩ ግን ጠባቂው ሲጮኽ የመጣውን እንግዳ ማንነት አለመናገሩ ነው።

ለረጅም ዘመን ሕክምና በሽታን የሚለየው በዓይን ነበር። ሐረር ላይ የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን በ1901 ያቋቋሙት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማቆያም፣ ከዓመታት በኋላ ከከተማዋ በስተምሥራቅ በ1958 የተመሠረተው ቢሲዲሞም የዚያ ታሪክ ምስክሮች ናቸው፤ ፊትና ጣት አይቶ ሰውን ከሰው መለየት። በእጢዎችም በኩል ያው ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆጅኪን በ1832 እጢያቸው ያበጠ ሰባት ሰዎችን ታሪክ ሲጽፍ ማይክሮስኮፕ አልተጠቀመም። በኋላ ከናሙናዎቹ ጥቂቱ ተፈልጎ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁሉም አንድ በሽታ ሆነው አልተገኙም። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ካንሰርም ቲቢም ያልሆኑት ብርቅዬ የእጢ ቁጣዎች መለየት የጀመሩት ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው፤ ሦስቱን ላንሣ። ቦስተን ውስጥ ቤንጃሚን ካስልማን በ1956 ደረታቸው ውስጥ እጢ ያበጠባቸውን 13 ሕሙማን ገለጸ። እብጠቱ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ቆርጦ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ያድናል። በብዙ ቦታ ሲሆን ግን ትኩሳቱ፣ ክሳቱና የደም ማነሱ ሌላ ታሪክ ነው፤ ከፊሉን የሚያመጣው በ1994 የተገኘ ቫይረስ መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ ይህም ኤች አይ ቪ ባለባቸው ላይ ይበረታል። መንስኤው ያልታወቀው ዓይነት መለያ መስፈርት የወጣለት በ2017 ነው። ሥራውን ከመሩት አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ዴቪድ ፋይገንባም የዚሁ በሽታ ታማሚ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሁለተኛው ታሪክ ነው። በ1965 ፈረንሳዊው ዴስቶምብ ከማሊና ከአንቲል ደሴቶች ባገኛቸው አራት ሕሙማን ላይ እንግዳ የእጢ እብጠት አየ፤ በዚህ በሽታ ትልልቅ ሴሎች ነጭ የደም ሴሎችን ሳያኝኩ ውጠው በሆዳቸው ይይዛሉ፤ ነቢዩ ዮናስ በዓሣው ሆድ እንደነበረ። ከ4 ዓመት በኋላ ሮሳይና ዶርፍማን በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ዓለምም በሁለቱ ስም ጠራው። የዴስቶምብን ስም ከኋላ የሚቀጥሉለት በቅርቡ ነው። አፍሪካዊ አንገት ላይ የታየ በሽታ አፍሪካን ሳያስታውስ ስም ወጣለት።

ሦስተኛውን ኪኩቺና ፉጂሞቶ ጃፓን ውስጥ በ1972 ለየብቻ አገኙት። በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን ይይዛል፤ አንገት ያብጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፤ ከዚያም በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ለኛ አገር ሐኪም ወጥመድ የሚሆነው ይኸኛው ነው። በኢትዮጵያ ከሳንባ ውጭ የሚከሰት ቲቢ ከጠቅላላው የቲቢ ሕመም ሲሶ ገደማ ሲሆን፣ በብዛት የሚታየውም እጢ ላይ ነው። ስለዚህ አንገት ሲያብጥ ሐኪም መጀመሪያ ቲቢን ማሰቡ ልክ ነው። ሆኖም ኪኩቺም ቲቢም እጢ ውስጥ የሞተ ሥጋ ይተዋሉ። በመርፌ የተወሰደች ጠብታ ሁልጊዜ አትለያቸውም፤ ሙሉ እጢው ወጥቶ ሊታይ ይገባል። ካልተለዩ አንዲት ልጅ በራሱ ለሚለቅ ሕመም የ6 ወር የቲቢ መድኃኒት ትውጣለች። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል።

ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ያለው ሐረር ነው፤ ሕይወት ፋናም የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ነው። የራምቦ ዘመን ሰው ያላገኘው በር ተከፍቷል። እናም አንገትዎ ላይ ያለው እብጠት ሳምንታት ከቆየ አያስበጡት፣ አያስተኩሱት። የቲቢ መድኃኒት ጀምረው እብጠቱ ቢጨምርም በራስዎ አያቁሙ፤ እየዳኑም ሊያብጥ ይችላልና ሐኪሙን ያማክሩ። ናሙና ተወስዶ ከሆነ የመልስ ወረቀቱን አይጣሉ፤ ቀጥሎ የሚያይዎ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።