ሽበትና የጸጉር ቀለም በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በነጆና በሻምቡ ሽበትን በጥቁር ቀለም መሸፈን የቅርብ ዘመን ልማድ ነው። ጸጉር የሰውን ዕድሜና ማዕረግ መናገሩ ግን ከከተሞቹ መቆርቆር እጅግ ይቀድማል። አንዱ ሽማግሌ ነጭ ራሱን ገልጦ በኩራት ሲቀመጥ እኩያው በየወሩ ጸጉር አስተካካይ ቤት የሚመላለስበት ምክንያት የሚገባው ሁለቱ ታሪኮች አብረው ሲታዩ ነው። በወለጋ ሰው ለሽበት ያለው አመለካከት ኅብረተሰቡ ለአረጋውያን ከሚሰጠው ቦታ ተለይቶ አያውቅም። ሽበት ሥራና ክብር በነበረው ጊዜ ለመሸፈን የሚያስብ አልነበረም፤ ሥራው ሲቀንስ ግን ቀለሙ ገበያ አገኘ።

የወለጋ ኦሮሞዎች በአብዛኛው የመጫ ወገን ናቸው። የመጫ ገዳ ዋና መሰብሰቢያ በዛሬው ምዕራብ ሸዋ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል ነበር። በገዳ ሥርዓት የወንድ ሕይወት በስምንት በስምንት ዓመት እርከኖች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ እርከን የራሱ መብት፣ ግዴታና መለያ አለው። ጸጉር ከመለያዎቹ አንዱ ነው። ሥርዓቱ በስፋት ጸንቶ በቆየበት በቦረና የመጀመሪያው እርከን ልጆች፣ ደበሌዎቹ፣ ጸጉራቸው ሳይቆረጥ እንደ ሴት ልጅ ያድጋል፤ እርከኑን ሲጨርሱ በሥነ ሥርዓት ይላጫል። በዚህ ዓይነት ሥርዓት ጸጉርን መንካት የግል ምርጫ ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰብ ጉዳይም ነው።

ገዳ ሽበትን ብቻውን የሥልጣን መመዘኛ አላደረገም። የልጅ እርከን የሚቆጠረው ከአባቱ እርከን ተነሥቶ ስለሆነ ልጅ ሥልጣን የሚረከበው አባቱ ከያዘ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። አባቱ በስተርጅና የወለደው ሰው ታዲያ ጸጉሩ ገና ጥቁር ሳለ ሥልጣኑን አስረክቦ ከመካሪዎቹ እርከን ሊደርስ ይችላል። ዋናው ነገር ሰውየው የቆመበት እርከን ነበር። ሥልጣን የጨረሱ ሰዎች ግን ከአደባባይ አይወጡም፤ ለተተኪዎቻቸው ሕግ ያስታውሳሉ፣ ይመክራሉ፣ ይመርቃሉ። አብዛኛው ሰው እዚህ የሚደርሰው ከሸበተ በኋላ በመሆኑ ሽበትና መካሪነት በሰው ዓይን አንድ ሆነው ቆዩ።

በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የመጫ ገዳ እየተዳከመ የጦር አለቆች ሥልጣን በረታ። በለቃ ነቀምቴ ባካሬ ጎዳና ያቋቋመው ኃይል ወደ ልጁ ወደ ሞሮዳ፣ ከሞሮዳም በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ወደተባለው ወደ ኩምሳ በዘር ተላለፈ። በለቃ ቀለም ደግሞ ጆቴ ቱሉ ገነነ። ሞሮዳ እ.ኤ.አ. በ1882 በራስ ጎበና ዳጬ በኩል ለምኒልክ ሲገብር የገዢነት መንገድ ከገዳ እርከን ይበልጥ ወደ ትውልድ ሐረግና ወደ ሹመት ዞረ። የእርቅና የዳኝነት ሥራ ግን በብዛት በጃርሳ ቢያ፣ ማለትም በአገር ሽማግሌዎች እጅ ቀረ። የመሬት ወሰን፣ የደም ካሳ፣ የጋብቻ ስምምነት በጽሑፍ በማይመዘገብበት ዘመን ማስረጃው የሰው ትውስታ ነበር። ወሰኑ በማን አያት ዘመን እንደተተከለ የሚናገር ሽማግሌ ነጭ ራሱ ለቃሉ ምስክር ይሆንለታል። ቡሉኮውን ደርቦ፣ በትሩን ይዞ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ሽማግሌ ሽበቱን ቢያጠቁር ይህን ምስክር በገዛ እጁ ማጥፋቱ ነበር።

ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወታደሮች፣ ካህናትና ነጋዴዎች ከሰሜንና ከሸዋ የራሳቸውን የጸጉር ሥርዓት ይዘው መጡ። በዚህ ሥርዓት ቁንጮ የልጅ፣ ሳዱላ ያላገባች ልጃገረድ፣ ሹሩባ የባለትዳር ምልክት ነው፤ ሐዘን የደረሰበት ራሱን ይላጫል። በስተርጅና ባል የሞተባት ሴት ብዙ ጊዜ ጸጉሯን ተላጭታ ቆብ ትደፋለች፤ መነኮሰች ይባላል። ከዓለም ጌጥ መለየቷን የምታሳየው በዚሁ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ጸጉርን ማሳመር የተጠራችበትን ሕይወት መካድ ሆኖ ይታይ ነበር። ከመመነን በመለስ ያሉትም አሮጊቶች ራሳቸውን በሻሽ ያስሩ ስለነበር ሽበታቸው ያለ ቀለም ከዓይን ይሸሸጋል።

የወንጌላውያን ሚስዮን ተጨማሪ መሠረት ጣለ። አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ረዳቶቹ ጋር ያዘጋጀው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ፤ በ1904 ደግሞ ወደ ወለጋ ገብተው በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ። መጽሐፈ ምሳሌ ሽበትን የክብር ዘውድ አድርጎ ያቀርባል፤ ኦሪት ዘሌዋውያንም በሸበተ ሰው ፊት ተነሥቶ መቆምን ያዛል። የወለጋ ሰው ቀድሞ ይኖርበት የነበረውን ሥርዓት በራሱ ቋንቋ ከመጽሐፍ ሲሰማው አዲሱ እምነትና ነባሩ ልማድ በዚህ ነጥብ ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአካባቢው ስትስፋፋ ጉባኤዎቿም ሽማግሌዎችን ለአመራር ይመርጡ ነበር።

በእስልምና ያለው አስተያየት የተለየ መልክ አለው። ከሱዳን በቤጊና በአሶሳ በኩል ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ፍለጋ የሚመላለሱ ሙስሊም ነጋዴዎች ለወለጋ ገበያ እንግዳ አልነበሩም። በሐዲስ እንደተዘገበው መካ በተከፈተችበት ዓመት የአቡበከር አባት አቡ ቁሐፋ ራሱና ጺሙ ነጭ ሆኖ በቀረበ ጊዜ ነቢዩ ሽበቱ በቀለም እንዲለወጥ፣ ጥቁር ግን እንዲቀር አዘዋል። ስለዚህ በሂና ጺምን ማቅላት የተወደደ ሲሆን ጥቁሩን ብዙዎቹ ሊቃውንት ይጠላሉ ወይም ይከለክላሉ። ቀላ ያለው ጺም ዕድሜን አይደብቅም፤ እንዲያውም ባለቤቱ ሽማግሌ መሆኑን ከሩቅ ያሳያል።

በአገሬው ቤት የነበረው የጸጉር እንክብካቤ ሽበትን ለማጥፋት የታሰበ አልነበረም። ለጋ ቅቤ ራስ ላይ የሚደረገው ጸጉር እንዳይደርቅ፣ እንዲያብረቀርቅና ለሹሩባ እንዲመች ነው። ቀለም በመስጠት የታወቀው የደጋና የወይና ደጋ ተክል እንሶስላ ነው፤ እርጥብ ቦታና ጅረት ዳር ይበቅላል። ሥሩ ተወቅጦ በእጅና በእግር ላይ ይደረግና ተጠቅልሎ ያድራል፤ ጠዋት ሲታጠብ መዳፍና ጥፍር ቀልቶ ይገኛል። ይህ የሰርግና የበዓል ጌጥ ነው። ደስታን ለማሳየት የሚውል እንጂ ዕድሜን ለመሸፈን የተፈለገ ቀለም አይደለም።

ሽበትን በጥቁር የሚተካው ቀለም የመጣው ከአውሮፓ ኬሚስትሪ ነው። ጸጉር የሚሸብተው ከሥሩ ያሉት ቀለም ሰሪ ሕዋሳት ሜላኒን ማምረት ሲያቆሙ ነው፤ በአፍሪካውያን ዘንድ ይህ በአብዛኛው በ40ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ይጀምራል። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦገስት ዊልሄልም ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1863 ፓራ-ፌኒሊን-ዳያሚን የተባለው ውሕድ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ እንደሚጠቁር ገለጸ። ፈረንሳዊው ኡዠን ሹለር በ1907 ለጸጉር አስተካካዮች የሚሸጥ ቀለም ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያቋቋመው ድርጅት ሎሬያል ሆነ። አሠራሩ ያኔም ዛሬም አንድ ነው፤ ትንንሾቹ ሞለኪውሎች ወደ ጸጉሩ ውስጥ ይገባሉ፣ እዚያም ኦክስጅን አግኝተው ይተልቃሉ፣ ይጠቁራሉ፣ በውሃ ታጥበው መውጣት ያቅታቸዋል።

ከጸጉር ቤት ሥራዎች ፐርምና ካስክ መብራት፣ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋሉ። የጥቁር ዱቄት ቀለም ግን ከሱቅ በትንሽ ፓኬት የሚገዛ፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት ከተማም የሚሠራ ነው። ከጃፓን ኩባንያ ሆዩ የሚወጣው ቢጅን በአፍሪካ ከተሞች ስሙ የታወቀው በዚህ ምቾቱ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ዱቄቱን በትንሽ ሳህን በውሃ ይበጠብጣል፤ የደንበኛውን ግንባርና የጆሮ ዳር ቀለም እንዳይዘው ቫዝሊን ይቀባል፤ ከዚያ በብሩሽ፣ ብዙ ጊዜም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ከሥሩ ጀምሮ ያዳርሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይታጠባል። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ነጩ ሥር በጥቂት ሳምንታት ብቅ ይላል፤ ቀለም የጀመረ ሰው መመላለስ የሚኖርበት ለዚህ ነው።

ቀለሙ ፈላጊ እንዲያገኝ ያደረገው ግን የሽማግሌው ቦታ መለወጡ ነው። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ቀበሌዎችን አመጣ። ሽማግሌ በቃሉ ይፈታው የነበረው የመሬት ጉዳይ የማኅበር ዳኝነትና የመዝገብ ጉዳይ ሆነ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ከመማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ ሲያደርግ የሸበተው ሰው ተማሪ፣ የልጅ ልጁ እኩያ አስተማሪ ሆነው ተገናኙ። ማንበብ መቻሉ ትልቅ በረከት ነበር፤ የትውስታን ዋጋ ግን ዝቅ አደረገው።

የደመወዝ ሥራ ሌላ ሚዛን አመጣ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ በ60 ዓመት የሚወጣ ሠራተኛ ሽበቱ ሲበዛ የሚቀሩት ዓመታት ለባልደረቦቹ ይታያሉ። በነቀምቴ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ፣ ባንኮች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ከተሞቹን የወጣት ሠራተኛ መናኸሪያ አደረጓቸው። እዚህ ሽበት ምስክር መሆኑ ቀርቶ መውጫው መቃረቡን የሚያሳብቅ ምልክት ሆነ። ሥራ ፈላጊው፣ ነጋዴውና ዳግም ሊያገባ ያሰበው ሰው ቀለም መፈለጋቸው ከዚህ የመጣ ነው።

የሰው ፍርድ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ሴት ጸጉሯን ስትቀባ እንደ ውበት ጥበቃ ይታይላታል፤ በሴቶች ጸጉር ቤት ቀለም ከመተኮስና ከሹሩባ ጋር የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ወንድ በድንገት ጠቁሮ ሲገኝ ሊያገባ ነው፣ ዕድሜውን ይሸሻል ይባላል። ያለ ጊዜው የሸበተ ወጣት ግን አይነቀፍም፤ ሽበቱ የመጣው የሽምግልና ቦታ ሳይኖረው ነውና ቢሸፍነው ያጎደለው ነገር የለም። ለሽምግልና የሚጠራ ሰው ተቃራኒው ይጠበቅበታል። ልጅ ለማጋባት፣ የደም ቂም ለማብረድ ወይም እድር ለመምራት የሚመረጠው ጨዋነቱ የታወቀ፣ ራሱም የሸበተ ሰው ነው፤ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ከእርቅ ሸንጎ ቢቀመጥ ሰው ይታዘበዋል።

የጤናው ጉዳይ ከአመለካከቱ እኩል ሊታሰብበት ይገባል። ፓራ-ፌኒሊን-ዳያሚን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ማሳከክ፣ የቆዳ መቁሰልና የፊት ማበጥ ያመጣል። በሱዳን ሂናን ለማጥቆር ውሕዱን በብዛት የመቀላቀል ልማድ ጉሮሮን የሚዘጋ እብጠትና የኩላሊት መድከም፣ አልፎም ሞት አስከትሏል። ስለዚህ አምራቾች ከ48 ሰዓት በፊት ጥቂቱን በክንድ ላይ መሞከርን ያዝዛሉ። መመሪያው በባዕድ ቋንቋ በታተመ ፓኬት ላይ ሲቀር ይህን የመናገር ኃላፊነት በጸጉር አስተካካዩ ላይ ይወድቃል፤ ደንበኛውን የሚወድ ባለሙያ ሙከራውን ሳያደርግ መቀባት የለበትም።

ዛሬ በወለጋ ከተሞች ሁለቱ ልማዶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። መሥሪያ ቤት፣ ገበያና ሰርግ ቤት ጥቁር ጸጉርን ሲያበረታቱ የእርቅ ሸንጎ፣ የእድርና የምርቃት ስብሰባ ሽበትን ያከብራሉ። አንድ ሰው እስከ ጡረታው ቀለም ሲቀባ ቆይቶ ለሽምግልና መጠራት ሲጀምር መቀባቱን ሊያቆም ይችላል። ኅብረተሰቡ ለአረጋውያን የሚሠሩትን ሥራና የሚሰሙበትን አደባባይ እስከሰጠ ድረስ ሽበት ክብሩን ይዞ ይቆያል፤ አደባባዩ ከጠበበባቸው ግን ቀለሙን ለመፈለጋቸው ተጠያቂው የእነሱ ከንቱነት ሳይሆን ቦታ የነፈጋቸው ኅብረተሰብ ነው።