የቤት ግድግዳ በቆጠራ መዝገብ



የሕዝብና የቤት ቆጠራ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው የነፍስ ቍጥሩን ነው። ዳሩ ግን በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ስለ ቤት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ ነበር። መልሱም እንጨትና ጭቃ፤ ድንጋይና ጭቃ፤ ድንጋይና ሲሚንቶ፤ ብሎኬት፤ ሸክላ፤ ሸምበቆና ቀርከሃ እየተባለ በየመደቡ ገባ።

በአዲስ አበባ ከሁሉ የበዛው እንጨትና ጭቃ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ በማለቁ፤ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ካጸኑት ነገሮች ዋነኛው በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ የሚያድግ፤ ቀጥ ያለ፤ ቢቈረጥም ከጕቶው እንደ ገና የሚያቈጠቍጥ ነውና ቋሚውም ማገሩም ከርሱ ሆነ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋራ ተቦክቶ ሲመረግበት የከተማው ቤት ቆመ።

እንግዲህ በዚህ በአንድ መደብ የተጻፉት ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይመስሏችሁ። አንዱ መሠረቱ ድንጋይ፤ ጭቃው በሚገባ የቦካ፤ ልስኑ ያማረ፤ የጣራው ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳው የሚያርቅ ነው፤ እንዲህ ያለው ቤት የልጅ ልጅ ያሳድጋል። ሌላው ቋሚው በባዶ አፈር ተተክሎ ምስጥ የበላው ነው። በመዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። ቆጣሪውም ቢሆን ካልጠየቀ፤ በሲሚንቶ የተለሰነውን የጭቃ ቤት ብሎኬት ነው ብሎ ሊያልፍ ይችላል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። አብዛኞቹም የእንጨትና የጭቃ ነበሩ። የጭቃ ግድግዳ በየጊዜው ምርግ ይሻል፤ ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ ለእድሳት አልበቃም፤ ቤቶቹም እየዘመሙ ሄዱ። በኋላ ሰንጠረዡን የሚገልጥ ሰው «ጭቃ» የሚለውን «ያረጀ» ብሎ ቢያነበው አያስደንቅም፤ ነገር ግን ሰፈር ሲፈርስ ደኅናው ቤት ከደካማው ጋራ ይሄዳል፤ የሚጐዳውም በውስጡ የሚኖረው ሰው ነው።

የሐረር ጀጐል ነባር ቤቶች ግድግዳ ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የተሠራ ነው። ጀጐል ግን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ጭቃ ሲጠበቅ ስንት ዘመን እንደሚኖር እዚያ ሄዶ ማየት ይቻላል።

እናንተ ከቅጽና ከመዝገብ ጋራ የምትውሉ ሰዎች፤ ወደፊት የቤት ቅጽ ስታዘጋጁ ከግድግዳው ዓይነት ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ ብታክሉበት ብዙ ቦታ አይፈጅም፤ መሠረቱ ከምን ነው? መጨረሻ የተመረገውስ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?